ዓይኔን ጨፍኜ የጻፍኩት

በክፍላችን ስለ ፖንስ የእኔን ያህል የሚያውቅ አልነበረም። ለመኩራራት አይደለም የምናገረው፤ ያ ኩራት ካለፈ ቆይቷል። ይህን ሳልናገር ግን ጥፋቴ በልኩ አይታይም።

አምስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ሳለሁ ስለ አንጎል ግንድ ሴሚናር የማቅረብ ተራ ደረሰኝ። ሰው ፊት መቆም አልወድም። አንድም ጥያቄ እንዳያስደነግጠኝ ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጥኩ። በቀኑ ቆሜ፣ ድምፄ እየቀጠነ፣ እንዲህ አልኩ፦ የአንጎል ግንድ ከአንጎል ወርዶ ከአከርካሪ ጋር የሚገናኘው ክፍል ነው፤ ውፍረቱ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። መካከሉ ፖንስ ይባላል፣ በላቲን ድልድይ ማለት ነው። እጅህን አንሳ፣ ተናገር፣ ዋጥ፣ ሳቅ የሚሉት ትእዛዞች ሁሉ በዚህ ድልድይ የፊት ክፍል በኩል ይወርዳሉ። ንቃታችንን የሚጠብቀው ደግሞ ከጀርባውና ከበላዩ ነው። ደም የሚያመጣለት ሥር ሲዘጋ የፊቱ ክፍል ሞቶ የጀርባው የሚተርፍበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ሰውየው ይሰማል፣ ያያል፣ ያስባል፤ ጣቱን ግን ማንቀሳቀስ አይችልም። ዓይንን ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚያዞረው ማዕከልም እዚያው ፖንስ ውስጥ ስለሆነ አብሮ ይጠፋል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዞረው ግን ከድልድዩ በላይ ነው ያለው፤ እሱ ይቀራል።

“እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሲያጋጥማችሁ” ብዬ ጨረስኩ፣ “ወደ ላይ እንዲያይ ሳትጠይቁ አይሰማም ብላችሁ እንዳትጽፉ።”

አጨበጨቡልኝ። የክፍል ጓደኛዬ ኦሊያድ ስወርድ ጠብቆ “ሄራን፣ የድልድይ ንግሥት!” አለኝ። ስሙ ለብዙ ቀን ተለጥፎብኝ ቀረ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ሳልጠይቅ ጻፍኩ።

አቶ ሸዋንግዛው እኔ ወደምሠራበት የሕሙማን ክፍል የመጡት ሰኞ ጠዋት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት መናኸሪያ ውስጥ ተራ አስከባሪ ነበሩ። የትኛው መኪና ቀድሞ እንደሚጭን፣ ነፍሰ ጡሯ የት እንደምትቀመጥ፣ ሽማግሌው ከማን አጠገብ እንደሚሆን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ዓርብ ረፋድ ላይ የዲላውን መኪና እያስወጡ ሳለ ፉጨታቸው መሀል ላይ ተቋረጠና ወደቁ። ድንገተኛ ክፍል ሦስት ቀን ራሳቸውን ስተው ቆዩ። ሰኞ ዓይናቸው ተገልጦ ነበር። ሌላው አካላቸው ግን አንዳች አይንቀሳቀስም፤ የሚመገቡት በአፍንጫቸው በገባ ቱቦ ነው። ስድስት ቁጥር አልጋ ተሰጣቸው።

አዲስ ሕመምተኛ ሲገባ የመጀመሪያውን ምርመራ ካርዱ ላይ የሚጽፈው ተማሪ ነው። ሬዚደንቱ፣ ማለትም የሚያሠራን ሐኪም፣ አንብቦ ይፈርማል። በማግስቱ የሚመጣው የትናንቱን አይቶ ይጽፋል፣ ከትናንት ወዲያም እንደዚያው ነው የተጻፈው። ሁላችንም እናውቃለን። አርባ ሕመምተኛ ባለበት ክፍል ማንም ከሀ አይጀምርም።

“እጄን ይጨብጡኝ” አልኳቸው። ምንም የለም።

“ምላስዎን ያውጡ።” ምንም።

“ወደ ቀኝ ይመልከቱ። ወደ ግራ።” ዓይናቸው ጣሪያው ላይ እንደተተከለ ቀረ።

ቀጥሎ “ወደ ላይ” ነበር። አፌን ልከፍት ስል በሩ ተከፈተና ከቤተ ክርስቲያናቸው የመጣ የጸሎት ቡድን ገባ። ዘጠኝ ይሆናሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አባይነሽ ከኋላ ነበሩ፤ ነጠላቸውን አጥብቀው ይዘዋል። አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ነካ አድርገው “ዶክተር፣ ተባረኪ ልጄ። አንድ ጊዜ እንጸልይለት” አሉኝ።

እኔም የምእመን ልጅ ነኝ። በቤታችን ጸሎት ሲጀመር ማንኪያ የያዘ ማንኪያውን ያስቀምጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ዓይኑን ከፍቶ የተገኘ ሕፃን ይቆነጠጣል። “አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ሥራዬን ልጨርስ” ማለት አፈርኩ። እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጸሎቱ ረዘመ። “አሜን” ሲባል የሬዚደንታችን የዶክተር ሰይፈሚካኤል ድምፅ ከኮሪደሩ ይሰማል፤ ራውንድ፣ ሐኪሞቹ ከአልጋ አልጋ የሚዞሩበት ጉብኝት፣ ሊጀመር ነው። ካርዱን የመስኮቱ ደፍ ላይ ዘርግቼ የቀሩትን መስመሮች ሞላሁ። ወደ ላይ፦ የለም። ወደ ታች፦ የለም። ለትእዛዝ ምላሽ፦ የለም።

ከራውንዱ በኋላ ኦሊያድ አልጋው ግርጌ ቆሞ “ዓይናቸው ግን ተከፍቷል እኮ” አለኝ።

“ቤቱ ባዶ ነው” አልኩት። “መብራት ሳያጠፉ ነው የወጡት።”

ኦሊያድ ሳቀ። እኔ ሰው የማስቅ አይደለሁም፤ ስለዚህ ደስ አለኝ። ደስ እንዳለኝ መደበቅ አልችልም።

ማክሰኞ ካርዱ ላይ “ለውጥ የለም” ተባለ። ረቡዕም “ለውጥ የለም”። ሲቲ ስካኑ ያንን የአንጎል ክፍል አጥርቶ አላሳየም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዶክተር ሰይፈሚካኤል ወይዘሮ አባይነሽን እዚያው አልጋው አጠገብ፣ በደግነት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነጋገራቸው። ልባቸው ይመታል፣ ይተነፍሳሉ፣ እሳቸው ራሳቸው ግን እዚህ አሉ ለማለት ይከብደኛል፤ ቤታችን ይሁን ካላችሁ አንከለክልም አላቸው። ወይዘሮ አባይነሽ “አገሩ ይግባ” አሉ። አገራቸው አለታ ወንዶ ነው።

የመናኸሪያ ባልደረቦቻቸው መጡ። የአንዱን ሚኒባስ የኋላ ወንበሮች ነቅለው ፍራሽ ሊያነጥፉበት ተስማሙ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሊነሱ። ድንኳኑ ከየትኛው እድር እንደሚመጣ፣ ዝናብ ቢጥል በየት በኩል እንደሚተከል ተነጋገሩ። በሹክሹክታ ነበር፤ ግን እግራቸው አልጋውን ይነካ ነበር።

ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ ጋሽ ሰኢድ የሚባሉ በርበሬ ነጋዴ ተኝተዋል። ተኝተዋል ይባል እንጂ መተኛት አይችሉም። ልባቸው ስለደከመ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በትራስ ተደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ ስድስት ቁጥር አዙረው ይቀመጣሉ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የደም ግፊታቸውን ስለካ ወሬ ጀመሩኝ።

“ዶክተሬ፣ ይሄ ጎረቤቴ ቅዳሜ ይሄዳል አሉ።”

“አዎ፣ ቤታቸው ሊወስዷቸው ነው።”

“ሳይሰናበተኝ?”

“ጋሽ ሰኢድ፣ እሳቸው እኮ አይሰሙም።”

“ተይ እንጂ!” አሉና ሳል አቋረጣቸው። “እናንተ ጸሎት ስትጀምሩ ዓይናችሁን ግጥም ታደርጋላችሁ። ሳንጨፍን የምንቀረው እኔና እሱ ነን። አራት ቀን እየተያየን ሰነበትን። ስሙ በጸሎት ሲጠራ ወደ ላይ ያያል። ሚስቱ ቅዳሜ እንወስደዋለን ስትል ደግሞ ታች፣ ታች፣ ታች። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። ግን ስንት ዓመት ስነግድ እንቢ የሚል ሰው ዓይን አላውቅም ብለሽ ነው?”

የግፊት መለኪያውን አየር መልቀቅ ረስቼ ነበር። “ክንዴን ልትቆርጪው ነው?” ሲሉኝ ነው የለቀቅኩት።

ሁለቱን አልጋዎች የሚለያቸው ሦስት እርምጃ ነው። ተጠግቼ ፊቴን ከአቶ ሸዋንግዛው ፊት በላይ አደረግሁ።

“አቶ ሸዋንግዛው፣ ከሰሙኝ ወደ ላይ ይመልከቱ።”

ወደ ላይ ተመለከቱ።

አጋጣሚ ይሆናል አልኩ። በዚያች ሰዓት እንኳ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አጋጣሚ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። “ወደ ታች” አልኩ። ወደ ታች። “ሁለት ጊዜ ወደ ላይ።” ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብለው፣ ለማይገባው ተማሪ እንደሚደግም አስተማሪ።

“አዎ ከሆነ ላይ፣ አይደለም ከሆነ ታች ይበሉልኝ። ሰኞም ይሰሙ ነበር?”

ላይ።

“ስለ መብራቱ ያልኩትንም?”

ላይ።

ይቅርታ ልል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታዬን ካልፈለገ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እሳቸው ወደ ግድግዳ መዞር አይችሉም፤ ያላቸው የዓይን ቆብ ብቻ ነው። ቆባቸውን ዘጉት።

ዶክተር ሰይፈሚካኤልን ሮጬ ጠራሁት። መጥቶ ያደረግሁትን ሁሉ ራሱ ደገመው። ከዚያ የአልጋውን ብረት ይዞ ቆመና “ፖንስ” አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። “ከመጀመሪያው ፖንስ ነበር።” ወደ እኔ ዞሮ “ሴሚናርሽን አስታውሰዋለሁ። ጎበዝ” አለኝ።

ካርዱ ላይ አዲስ ገጽ ተጀመረ። የሰኞው ገጽ ከኋላ ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ራውንድ ላይ፣ በሐኪሞቹና በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት “ይህን ያገኘችው ሄራን ናት” ተባለ። ኦሊያድ ከኋላ “ንግሥት!” ብሎ በክርኑ ጎሸመኝ። ወይዘሮ አባይነሽ ጉንጬን ይዘው ሳሙኝ፣ ደግመው ሳሙኝ። “ሕያው ሰው ልቀብር ነበር” እያሉ ያለቅሳሉ። “እግዚአብሔር ነው የላከሽ፣ ልጄ።” እኔ ጫማዬን አየሁ። ትሕትና መሰላቸው። ጋሽ ሰኢድ ትራሳቸው ላይ እንደተደገፉ ነበሩ፤ ምንም አላሉም።

ምሳ ሰዓት ላይ ከሆስፒታሉ በር ውጪ ደብተርና እስክሪብቶ ከሚሸጥ ልጅ የፊደል ገበታ ገዛሁ፤ ሕፃናት ሀ ሁ ሂ የሚቆጥሩበትን፣ በላስቲክ የተለበጠውን። አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያልን እንወርዳለን። የሚፈልጉት ቤት ላይ ስንደርስ ወደ ላይ ያያሉ። ከዚያ ወደ ጎን፣ መ ሙ ሚ ማ እያልን እንሄዳለን፤ ደግመው ሲያዩ ፊደሉ ተገኘ።

ገበታውን ሳነሳ ምን እየገዛሁ እንደሆነ ገብቶኛል። ሰኞ የጠየቅኩትንና ያልጠየቅኩትን በእርግጥ የሚያውቅ፣ የተጠየቀው ሰው ራሱ ብቻ ነበር፤ ለእሱ አፍ እየገዛሁለት ነው። ላለመግዛት አሰብኩ። ሁለት ደቂቃ ያህል ነው፤ ግን አስቤዋለሁ። ሻጩ “እህት፣ ትወስጂዋለሽ ወይስ ታነቢዋለሽ?” ባይለኝ ስንት ደቂቃ እንደምቆም አላውቅም።

ዶክተር ሰይፈሚካኤል ሊያይ መጣና በአልጋው ግራ በኩል ያለች አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ወይዘሮ አባይነሽ አልጋው ላይ፣ ባለቤታቸው እግር አጠገብ ተቀመጡ። እኔ ገበታውን ከአቶ ሸዋንግዛው ፊት ከፍ አድርጌ ቆምኩ። እየጠቆሙ የሚቆጥሩት ወይዘሮ አባይነሽ ናቸው፤ በእኔው እስክሪብቶ።

“ሀ... ለ... ሐ... መ...” እያሉ ወረዱ። ተ ላይ ሲደርሱ ዓይኖቹ ወደ ላይ ሄዱ። ተ ቱ ቲ ታ ቴ ት። ት ላይ እንደገና።

“ት” አለ ዶክተር ሰይፈሚካኤል፣ ወረቀት ላይ እየጻፈ።

ከሀ እንደገና ተጀመረ። ቀ። ወዲያው የመጀመሪያው ላይ፤ ቀ። ከዚያ መ። እጄ እየዛለ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጥኩም፣ ከትናንት ጀምሮ አልበላሁም። ስለ እኔ ሊናገሩ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ግን ት፣ ቀ፣ መ ምን ስድብ ይጀምራል? የመጨረሻዋ ረጅም መንገድ ነበራት፤ ከገበታው ግርጌ፣ ጠ። ጠ ጡ ጢ ጣ ጤ ጥ።

“ትቀመጥ” ብለው አነበቡ ወይዘሮ አባይነሽ። ዞር ዞር አሉ። “ማን ናት የምትቀመጠው? ልጅቷ?”

ላይ።

“ይኸውላችሁ!” አሉ እየሳቁ፣ እያለቀሱ። “መናኸሪያ ነው የመሰለው! ሰው ቆሞ ካየ አያስችለውም። ተቀመጪ ልጄ፣ እሱ አዟል።” ወንበር ሳቡልኝ።

አምስት ቀን ተጋድመው የተሰናዳላቸውን ድንኳን የሰሙ ሰው፣ የመጀመሪያ ቃላቸው ወንበር ሆነልኝ። ተቀመጥኩ። ተቀምጬም ዝም ማለት አልቻልኩም።

“የሰኞውን ካርድ የጻፍኩት እኔ ነኝ” አልኩ።

ዶክተር ሰይፈሚካኤል “አውቃለሁ” አለ።

“አያውቁም። ወደ ላይ ይመልከቱ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ጸሎት ተጀመረ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ከዚያ ሳልጠይቅ የለም ብዬ ሞላሁት። ሦስቱንም።”

የሬዚደንቱ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ጆሮው ሲቀላ አየሁ። “ከሥሩ ያለው ፊርማ የኔ ነው” አለ በመጨረሻ፣ እኔን ሳያይ። “ሳልፈትሽ ፈረምኩ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም።” ወደ አቶ ሸዋንግዛው ዞሮ “እውነቷን ነው?” ብሎ ጠየቃቸው።

ላይ።

ወይዘሮ አባይነሽ ጠዋት የሳሙኝን ጉንጬን ትክ ብለው አዩት።

“ያኔ እኛም ጨፍነን ነበር” አሉ። “ሁላችንም። አንቺ ግን ጽፈሻል።”

በቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ጎንበስ አሉ። “ትውጣ? ሌላ ሐኪም ይሁንልህ?”

አቶ ሸዋንግዛው ዓይናቸውን ትንሽ ዘግተው ቆዩ። ገለጡ። ወደ ታች አዩ።

ወይዘሮ አባይነሽ ገበታውን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ከፍ አድርገው ያዙት፤ እስክሪብቶዬን መለሱልኝ። “እንግዲያው ቁጠሪለት” አሉ።

ከወንበሩ ሳልነሳ መቁጠር ጀመርኩ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ። ሰ ላይ አስቆሙኝ፤ የመጀመሪያዋ ራሷ። ሁለተኛው አ ላይ ነበር፤ አ ኡ ኢ። ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሦስተኛውን መጠበቅ አላስፈለገኝም ነበር፤ ግን ቃላቸው ነውና እስከ ደ ድረስ ወረድኩ፣ ከዚያ እስከ ድ ሄድኩ።

“ሰኢድ” አልኩ።

“አቤት!” አሉ ጋሽ ሰኢድ ከትራሳቸው ቀና ብለው። “እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?”

ዶክተር ሰይፈሚካኤል አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየ። ጥፋቴን ተናዝዤ ሙገሳውን ግን እንደያዝኩ ነበርኩ። ሙሉ በሙሉ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፤ ወይም እንዲመስለኝ ፈልጌ ነበር።

“ያዩት ጋሽ ሰኢድ ናቸው” አልኩ። “አራት ቀን ሙሉ። ትናንት ነገሩኝ፤ እኔ ሄጄ ሞከርኩት እንጂ አላገኘሁትም።”

“አይ፣ ይሄማ ምኑ ይወራል” አሉ ጋሽ ሰኢድ። ቃላቸው ግን ተሰበረና ወደ ጎረቤታቸው እጃቸውን አነሱ፣ መናኸሪያ ላይ መኪና እንደሚያስቆም ሰው። “ቅዳሜ ሳትሰናበተኝ ልትሄድ ነበር አይደል? በል አሁን ወሬ አምጣ፤ እኔ ብቻዬን ስለፈልፍ ከረምኩ!”

አቶ ሸዋንግዛው ወደ ላይ አዩ። ወይዘሮ አባይነሽ ተነስተው ሰባት ቁጥር አልጋ አጠገብ ቆሙና የጋሽ ሰኢድን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ግንባራቸውንም በያዙት እጅ ላይ አሳረፉ። የሚጸልዩ ይመስሉ ነበር። ዓይናቸው ግን ክፍት ነበር።

ልነሳ ፈለግሁ። ወጥቼ ኮሪደሩን፣ ግቢውን፣ በሩን ማለፍ ፈለግሁ። ያስቀመጡኝ ግን አቶ ሸዋንግዛው ስለሆኑ አልተነሳሁም። እስክሪብቶውን ይዤ ቀጣዩን ቃል ጠበቅኩ።